ጥይት አልጠየቅናችሁም፤ የአየር ጠመንጃችንን መልሱልን

ጉዳዩ፦ መጋዘን ውስጥ ስለተቆለፉ 4 የአየር ጠመንጃዎችና «ለጊዜው» ስለተወሰደብን የልምምድ አዳራሽ

በደሴ ከተማ የስፖርት ጉዳይ ለሚመለከታችሁ፣
በጸጥታ በኩል ለምትሠሩ፣

ክቡራን ኃላፊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ይህ አምስተኛ ደብዳቤያችን ነው። አራቱን በፖስታ አሽገን፣ መዝገብ ቤት አስገብተን፣ «ገቢ» የሚል ማኅተም አስመትተን ነበር የሄድነው። መልስ አልመጣም። ስለዚህ አምስተኛውን ፖስታ ሳንገዛለት ማንም እንዲያነበው ለቀቅነው። መሥሪያ ቤታችሁን በስም ያልጠራነው ፈርተን አይደለም። የበሩ ታፔላ በየጊዜው ይቀየራል፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውም እንደዚያው። እኛ የምንፈልገው ነገሩ እንዲስተካከል ነው እንጂ ሰው እንዲሳጣ አይደለም።

በደሴ የዒላማ ተኩስ የምንለማመድ ሰዎች ነን። በደህናው ጊዜ 23 ነበርን። ዛሬ 11 ቀርተናል። ሁለቱ ጡረተኛ ወታደሮች ናቸው። የቀሩት ተማሪዎች፣ የጋራዥ ሠራተኞች፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ ሥራ ፈላጊዎች። እኔ የስፖርት መምህር ነኝ፤ ቡድኑንም የማሠለጥነው እኔ ነኝ።

ስንጀምር በአየር ጠመንጃ አልነበረም። አንድ ተቋም በስሙ የተመዘገቡ ሁለት ባለ 5.6 ሚሊ ሜትር የስፖርት ጠመንጃዎች ያውሰን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በገራዶ በኩል ወረድ ብለን፣ አሮጌ ድንጋይ ማውጫ ውስጥ ገደሉን ከፊት አድርገን እንተኩሳለን። ጠመንጃዎቹ ማታ ወደ ባለቤታቸው ይመለሳሉ። ቀለሁ ሳይቀር ተቆጥሮ ነው የሚመለሰው።

ባለ 5.6ቱ ጥይት በዓለም ላይ ከሚተኮሱት ሁሉ ርካሹ ነው ይባላል። ርካሽነቱ ግን እኛ ዘንድ አልደረሰም። መጀመሪያ ለአንድ ሰው በሳምንት 20 ይደርሰው ነበር። ከዚያ 10 ሆነ። በመጨረሻ 5። አንድ ሙሉ ውድድር ግን 60 ተኩስ ነው። በሳምንት 5 ጊዜ ቃታ እየሳበ ማን አልሞ ተኳሽ ይሆናል? ጥይቱ ሲጠፋ ልጆቹ ጠመንጃውን ይዘው ተኝተው ያነጣጥራሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ሳይተኩሱ ይነሣሉ። ጥይት እናምጣላችሁ የሚሉ ሰዎችም አልጠፉም። ከየት እንደሚያመጡት ስለምናውቅ አልተቀበልናቸውም። በዋጋው ደግሞ አንድ ቤተሰብ ቁርሱን ይበላበታል።

በአያቶቻችን ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ገበያ ላይ ይመነዘርበት ነበር። ሃምሳ አለቃችን ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ዛሬስ ምን ተለየ?» ብለው ሳቁ። ሃምሳ አለቃ ከሁለቱ ጡረተኞቻችን አንዱ ናቸው፤ ወደፊትም ስማቸውን አነሣለሁ።

እጥረቱ የእኛ ብቻ አልነበረም። በኮሮና ዘመን ጥይት እንደ ልብ በሚሸጥበት በአሜሪካ እንኳ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ፣ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር። እዚያም ብዙ ተኳሾች ልምምዳቸው እንዳይቋረጥ ወደ አየር ጠመንጃ ዞረዋል። እኛን ግን ለውጡን ያስወሰነን ዋጋው ብቻ አይደለም።

2014ን ታስታውሳላችሁ። ጥቅምትና ኅዳርን ደሴ እንዴት እንዳሳለፈች ለእናንተ አልተርክም፤ አብረን ነበርን። ከተማው ከተረጋጋ ከወራት በኋላ የቀረችን ጥቂት ጥይት ነበረችና ልምምዱን እንቀጥል ተባባልን። ወደ ድንጋይ ማውጫው ወረድን። የመጀመሪያው ተኩስ ሲጮህ ከልጆቻችን አንዱ መሬት ላይ ተኛ። ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ፊቱን አፈር ውስጥ ቀበረ። 17 ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ያንን ድምፅ መቶ ጊዜ ሰምቶታል። ማንም አልሳቀም። ከታች ካለው መንደር ሁለት እናቶች ነጠላቸው እየወደቀ ልጆቻቸውን ሲጠሩ ይሰማናል።

ዕቃችንን ሰብስበን ወጣን። የቀረችውን ጥይት ለባለቤቱ መለስን። ያን ቀን ማታ ሻይ ቤት ተቀምጠን «በዚህ ከተማ ከእንግዲህ ጥይት አናጮህም» ብለን ወሰንን። ያስገደደን አልነበረም። ይህን የምጽፈው በፍተሻ የተያዝን ዕለት አንድ ሰው «እናንተ የሕዝቡ ሰላም አይገዳችሁም» ስላለን ነው።

የመጀመሪያውን የአየር ጠመንጃ የገዛነው በጥምቀት ሰሞን ፊኛ ከሚያስተኩስ ልጅ ነው። ታውቁታላችሁ፤ ሰሌዳ ላይ ፊኛ ሰቅሎ «ሦስት ተኩሰህ ሦስት ምታ፣ ብስኩት ውሰድ» የሚለው ዓይነት። ሌሎቹን አራት አንድ በአንድ አሰባሰብን። ሁሉም ባለ ሞላ ናቸው። አፈሙዙን ወደ ታች ሰብራችሁ ስትጎትቱ ሞላው ይወጠራል። ቃታው ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ አየሩን ያምቃል፣ አየሩ እርሳሷን ይወረውራል። ባሩድ የለም። ቀለህ የለም። እርሳሷ 4.5 ሚሊ ሜትር ናት፣ ክብደቷ ግማሽ ግራም ያህል ነው። ልጆቹ «ምስር» ይሏታል። ድምፁ አዳራሽ ውስጥ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ እንደመጣል ነው።

ለምን ይህን ዓይነት እንደመረጥን ደግሞ ልንገራችሁ፤ አንድ ሰው «ዘመናዊውን ለምን አትገዙም» ብሎን ነበር። በታመቀ ጋዝ የሚሠራ አለ። ጋዙ በየጊዜው ይገዛል፣ ብርድ ሲነካውም ግፊቱ ይወርዳል። የኅዳርን የደሴ ጠዋት የሚያውቅ ሰው ይህን አይመርጥም። በቋት አየር ተሞልቶ የሚሠራም አለ፤ ኦሊምፒክ ላይ የምታዩት እሱ ነው። እሱ ግፊቱ 200 ባር የሚደርስ አየር የሚሞላ ፓምፕ ይፈልጋል። ባለ ሞላው ግን ከክንድ በቀር ምንም አይጠይቅም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ባለ ሞላው የሚያምቀውም ያንኑ የሳሳ አየር ነው። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንተኩስ ጠመንጃው ትንሽ በርታ ይላል። በ10 ሜትር ላይ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ልጆቹ ግን «ኮምቦልቻ ምሳ አብልታው ነው» ይላሉ።

የፒስተኑ ማጥበቂያ ቆዳ ሲያልቅ የሚቀይርልን አራዳ ያለ ጫማ ሰፊ ነው። ቆዳውን በክብ ቆርጦ፣ ዘይት አጠጥቶ፣ ሲመታው ድምፁን ሰምቶ «አሁን ተነፈሰ» ይላል። ዒላማውን ፒያሳ ፎቶ ኮፒ እናስነሣለን። የዒላማው መሀል፣ 10 ነጥብ የሚያሰጠው፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። የእስክርቢቶ ነጥብ በሉት። ከ10 ሜትር ቆማችሁ በዓይን ለማየት እንኳ የማትችሉትን ነው የምትመቱት። ከዒላማው ኋላ አሮጌ ብርድ ልብስ የታጨቀ የእንጨት ሣጥን አለ፤ ምስሩ እዚያ ይቀራል። አምሳ ሆነ ስድሳ ይተኮስ፣ አንዱም አይፈናጠርም።

ጡረተኞቻችን መጀመሪያ ናቁት። ሃምሳ አለቃ ያን ትንሽ ነገር ተቀብለው እንደ ክላሽ ትከሻቸው ውስጥ ቀርቅረው አንቀው ያዙት። አምስት ተኮሱ። አንዱም ወረቀቱን አልነካም። ባለ ሞላ ጠመንጃ ሲታነቅ አይወድም። ሞላው መጀመሪያ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ወዲያው ወደ ፊት ይመልሳል፤ ላላ አድርጎ፣ እንደ ተኛ ሕፃን ነው መያዝ። እርሳሷም ዘገምተኛ ስለሆነች ቃታ ከተሳበ በኋላ እንኳ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ያስፈልጋል። ጥይት የሚደብቀውን ስሕተት ምስር ታጋልጠዋለች። ሃምሳ አለቃ ሦስት ወር ፈጀባቸው። አሁን «አርባ ዓመት የተኮስኩት በዕድል ኖሯል» ይላሉ።

በሳምንት 5 ይተኩስ የነበረው ልጅ በቀን 60 መተኮስ ጀመረ። 500 ምስር የምትይዝ ጣሳ ክብደቷ ሩብ ኪሎ ገደማ ናት፤ ኪስ ትገባለች። ቡድኑ ከ9 ወደ 23 ያደገው በዚያ ጊዜ ነው። ከ23ቱ 8ቱ ሴቶች ነበሩ። በባሩዱ ዘመን አንዲትም አልነበረችም፤ ወላጅ አይፈቅድም ነበር።

ክቡራን፣ እስካሁን ያወራሁት ያገኘነውን ነው። አሁን ያጣነውን ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት፣ በ2017 ሰኔ፣ ኮምቦልቻ ካሉ ወጣቶች ጋር የወዳጅነት ግጥሚያ ተቀጣጥረን ነበር። አራት ጠመንጃና ሦስት ጣሳ ምስር ይዘን ሚኒባስ ተሳፈርን። ጠመንጃዎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን መሬት ላይ አስተኛናቸው። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ የሚደብቅ ሰው ያስመስላል። መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር። ፈታሹ ልጅ ጨዋ ነው። ብርድ ልብሱን ሲገልጥ ደነገጠ፣ እኛም ደነገጥን። በዚህ ጊዜ፣ በዚህ መንገድ፣ እሱ ምን ያድርግ? አስወረደን። ግማሽ ቀን ተቀመጥን። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለንም።

ቅሬታችን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዕቃውን የተረከበው ክፍል ሦስት ሰው አስቀምጦ ምስሩን አንድ በአንድ አስቆጠረ። የሰጡን ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ጠመንጃ 4፣ ጥይት 1,340»። ይህን ወረቀት አሁንም ይዘነዋል። ያነበበው ሁሉ ቀና ብሎ ያየናል። አንድ ጸሐፊ ዶሴውን ስትቀበለኝ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። 1,340 ጥይት የያዘ ሰው ጦር ሊገጥም ነው እንጂ ውድድር አይሄድም። እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እናስላ። ለውድድር የሚሠራ የአየር ጠመንጃ እርሳሷን በሰከንድ 170 ሜትር ገደማ ይወረውራታል። ጉልበቷ ከ8 ጁል አይበልጥም። የዚያ የትንሹ የስፖርት ጥይት ጉልበት 140 ጁል ገደማ ነው፤ አደጋው እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ክላሽን አልጨመርኩትም። «ጥይት» የምትለዋ አንዲት ቃል ናት ጉዳያችንን የገደለችው።

መጫወቻ ነው አንልም። በቅርብ ርቀት ዓይን ያጠፋል። በዚህ ምክንያት ሁሉም ከተኩስ መስመሩ ሳይመለስ ማንም ዒላማ አይነካም፣ ሁሉም መነጽር ያደርጋል፣ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ አይቆርስም፤ እርሳስ መርዝ ነው። ይህን ሕግ ከእናንተ በፊት ያወጣነው እኛ ነን። ግን የሚጎዳ ነገር ሁሉ የጦር መሣሪያ ከሆነ የሥጋ ቤቱ ቢላዋም ፈቃድ ይጠየቅበት።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ይህ ግን ቀልድ የለበትም። ፍተሻው ላይ አንዱ ሰው አሠራሩን ለማየት ብሎ ከአራቱ የአንዱን ሞላ ወጠረው። ባለ ሞላ ጠመንጃ ከተወጠረ በኋላ በተለምዶ የሚላላው ሲተኮስ ነው። ሳይተኮስ እንደተወጠረ መጋዘን ገባ። «አሳዩኝና ላላው» ብዬ ለመንኩ። «አትንካ» ተባልኩ። እንደተወጠረ ከርሟል። ሞላው መድከሙ የእኛ ኪሳራ ነው፣ እንችለዋለን። የማያውቅ ሰው አንሥቶ ቃታውን ቢነካስ? ውስጡ ምስር ይኑር አይኑር እንኳ ያየ የለም። ይህንን በሁለተኛው ደብዳቤያችን ጽፈንላችኋል፣ በሦስተኛውም ደግመናል።

ከዚያ ደጅ ጥናቱ ተጀመረ። የስፖርቱ ክፍል «ይህ የጦር መሣሪያ ጉዳይ ነው፣ ጸጥታ ሂዱ» አለን። ጸጥታው ክፍል «የስፖርት ዕቃ ከሆነ ስፖርቱ ይጻፍልን» አለ። ተመለስን። «ጸጥታ ሳይፈቅድ እኛ አንጽፍም» ተባልን። እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ስንመላለስ ክረምቱ አለፈ። አንድ ኃላፊ ደግሞ ከልቡ ገርሞት «ለመሆኑ ይሄ ስፖርት ነው እንዴ?» አለኝ። እንደ ስድብ አልቆጠርኩትም፣ ጥያቄ ነው። መልሱን ያኔ ቆሜ ነበር የነገርኩት፤ አሁን ተቀምጬ ልጻፈው።

የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ኦሊምፒክ የገባው በ1976 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። እኛ ያልሄድንበት ኦሊምፒክ ስለሆነ ሳናየው ቀርተን ይሆናል። ሕንድ ያን ሁሉ ሕዝብ ይዛ በግል ውድድር የመጀመሪያ ወርቋን ያገኘችው በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ነው። ያመጣላት አብሂናቭ ቢንድራ ነው፣ በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ። በ2016 የፓሪስ ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ወርቅ የተሰጠው በአየር ጠመንጃ ድብልቅ ውድድር ነው። በሴቶቹ ያሸነፈችው የደቡብ ኮርያዋ ባን ህዮጂን 16 ዓመቷ ነበር። ለአገሯ በበጋ ኦሊምፒክ መቶኛው ወርቅ ሆነ። የእኛ አገር የኦሊምፒክ ሜዳሊያ እስከዚያ ድረስ በሙሉ የሩጫ ነው። ሩጫችንን ማንም አይንካብን። ግን መሮጥ የማይችል ልጅም ደሴ ውስጥ አለ። ከቡድናችን አንዱ እግሩ ላይ ጉዳት ያለበት ነው፤ ተቀምጦ ነው የሚተኩሰው፣ ብዙዎቻችንንም ይበልጠናል።

ስለ አዳራሹ አጭር ነው። የቀበሌ አዳራሽ ጥግ ላይ 10 ሜትር ርዝመት ያለው ቦታ በቃል ተፈቅዶልን ነበር። በቃል የተሰጠ በቃል ይወሰዳል። «ለጊዜው ዕቃ እናስቀምጥበት» ተባለ። ዕቃው የተሰበሩ ወንበሮችና ያለፉ በዓላት ባነሮች ናቸው። ባለፈው ሳምንት በመስኮት አየኋቸው፣ እንዳሉ አሉ። የእኛን የእንጨት ሣጥን ግን አንድ ሰው ለማገዶ ወስዶታል።

አምስተኛው ጠመንጃ ያን ዕለት ጫማ ሰፊው ጋ ስለነበር ተርፏል። ይህን አልደበቅናችሁም፣ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ጽፈነዋል። ለ20 ሰው አንድ ጠመንጃ ቀረ። የቀረችው ምስርም አለቀች። ከዚያ የሆነውን ስጽፍ አፍራለሁ። ከልጆቻችን አንዱ የሞተ የመኪና ባትሪ ሰብሮ፣ እርሳሱን በቲማቲም ቆርቆሮ አቅልጦ፣ ምስር ልሥራ ብሎ ተነሣ። የት? እናቱ እንጀራ በምትጋግርበት ጓዳ። እህቱ ገና 4 ዓመቷ ነው። የእርሳስ ጭስ ሕፃን ላይ ምን እንደሚያደርግ እኔ አስተምሬው አውቃለሁ። «ጋሼ፣ ለቡድኑ ብዬ ነው» አለኝ። ቆርቆሮውን ወስጄ፣ ጓዳውን አብረን በውሃ አጥበን፣ ልምምዱን በሙሉ አቆምኩት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በዱላ ነው የምንለማመደው። ዱላውን ትከሻ ላይ አድርገን እንቆማለን፣ እንተነፍሳለን፣ ጣት እናንቀሳቅሳለን። መንገደኛ ቆሞ ያየናል። ሃምሳ አለቃ አንዱን «አብሽር፣ ጤነኞች ነን» አሉት።

ከ8ቱ ሴቶች አንዷ ቀርታለች። ሁለቱ አግብተዋል። ከሁሉም አብልጣ ትመታ የነበረችው ዓረብ አገር ሄዳለች። በእናንተ ምክንያት ሄደች አንልም፤ ይህን ያህል ቀላል ነገር ቢሆን ጥሩ ነበር። ከመሄዷ በፊት ግን ሁለት ጊዜ መጥታ «ጠመንጃው ተፈታ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። የምነግራት አልነበረኝም።

ክቡራን፣ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

ከሁሉ በፊት የተወጠረችው ጠመንጃ ትላላ። እኛ አንውሰዳት። ከመካከላችን አንድ ሰው ጥሩና እናንተ ባላችሁበት፣ ዘበኛም ቆሞ፣ አፈሙዟን ወደ አሸዋ አድርጎ ያላላት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሌላው ሁሉ ቢዘገይ ይህ አይዘግይ።

ቀጥሎ ዕቃችን የተያዘበት ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠን። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያን አስተዳደርና ቁጥጥር የሚመለከት ሕግ መሆኑን እናውቃለን፤ እናከብረዋለንም። የአየር ጠመንጃ በዚህ ሕግ ይያዛል ካላችሁ የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ጻፉልን፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነም ከየትና እንዴት እንደምንጠይቅ ንገሩን። አይያዝም ካላችሁ ያንኑ ጻፉልን። «ሂዱና ተመለሱ» ግን አንቀጽ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ያለው «ጥይት 1,340» የሚለውም «የአየር ጠመንጃ እርሳስ» ተብሎ ይታረምልን። ሌላ ቦታ ይዘነው ስንሄድ ያስይዘናል።

ጠመንጃዎቹ እኛ ቤት እንዲያድሩ አንጠይቅም። ጊዜው ምን ዓይነት እንደሆነ እኛም እናያለን። እናንተ በምትመርጡት ቦታ፣ ቁልፉ እናንተ እጅ ሆኖ ይደሩ። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ፈርመን እንውሰድ፣ ቀትር ላይ ፈርመን እንመልስ። የየሰዉ ስም፣ መታወቂያ፣ የየቀኑ የተኩስ ቁጥር በመዝገብ ይያዝ። በባሩዱ ዘመን ቀለህ ቆጥረን የመለስን ሰዎች ምስር መቁጠር አያቅተንም። ከከተማ ወደ ከተማ ዕቃ ይዘን ስንሄድ የሚያሳልፈን ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ ደብዳቤ ይሰጠን። ብርድ ልብሱን ትተን በግልጽ ሣጥን እንይዛለን።

አዳራሹን በተመለከተ፣ ወንበሮቹን እኛው ተሸክመን ወደምትሉን ቦታ እናደርሳለን። ባነሮቹንም አጥፈን እናስቀምጣለን። ቦታው ግን በዚህኛው ጊዜ በወረቀት ይሰጠን።

ገንዘብ አልጠየቅንም። ጥይትም አልጠየቅንም። የሚጠራጠር ኃላፊ ካለ አንድ ቅዳሜ ይምጣና ይተኩስ። መነጽር እናውሰዋለን፤ አያያዙን ሃምሳ አለቃ ያሳዩታል።

ከሰላምታ ጋር
የዒላማ ተኩስ ልምምድ ቡድኑ አሠልጣኝ
ደሴ

ግልባጭ፦
ለሠልጣኞቻችን ወላጆች
ዕቃችንን ለያዘው ግምጃ ቤት (የተወጠረችው ከግራ ሁለተኛዋ ናት፣ ሰደፏ ላይ ቀይ ፕላስተር አለ)